ለማይመጡ እንግዶች የተመረጠ ምድጃ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የምድጃ ታሪክ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ያውም አየሩ ሲከፋ ጭስ በሚከለከልበት ከተማ፣ የእንጨት ምድጃ እየመረጥኩና እየተከልኩ እንደኖርኩ ስናገር የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ላይ የማገኛቸው ሰዎች መጀመሪያ ይስቃሉ። «በዚህ ሙቀት ማን ነው እሳት የሚያነደው?» ይሉኛል። እኔም አብሬያቸው እስቅና ወሬውን እቀይራለሁ።

አሁን ወገቤ ብረት መሸከም እምቢ ስላለኝ ሥራውን ትቼ ኮሌጅ ገብቻለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከልጆቼ እኩዮች ጋር ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ የተባልኩትን ሁሉ እሠራለሁ፤ እንዳልሳሳት እጠነቀቃለሁ። የጽሑፍ መምህራችን ስለ ሥራ ሕይወታችን መጀመሪያ በቋንቋችን እንድንጽፍ ስታዘን ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ተውኩት። በመጨረሻ ሙያውን ላስተማሩኝ ለጋሼ ሁሴን ደወልኩ። እሳቸው ከኔ በፊት ጡረታ ወጥተዋል።

«ምን ይጻፋል ልጄ?» አሉኝ። «ምድጃ ሸጥን፣ ጭስ ሆነ፣ አለቀ።»

«ለእርስዎ አልቋል?» አልኳቸው።

«ጻፈው በቃ» አሉ። «ግን እኔን እንዳታሳምረኝ።»

ስለዚህ ሳላሳምር እጽፋለሁ።

እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ የሠራሁት ፓርኪንግ ነበር፤ ከዚያ ታክሲ ነዳሁ። ጋሼ ሁሴንን ያወቅኳቸው ከበርባንክ ኤርፖርት አሳፍሬያቸው ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። መንገድ ላይ ስናወራ በርባንክ ውስጥ አንድ አርመናዊ የከፈተው የምድጃና የጭስ ማውጫ ሱቅ ውስጥ እንደሚሠሩና ረዳት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። «ከፍታ ትፈራለህ?» ብለው ጠየቁኝ። «አልፈራም» አልኩ። እፈራ ነበር። በሳምንቱ ከሳቸው ጋር ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ባለሱቁ ክፍያ አያጓድልም፤ የፈቃዱን ወረቀትም ራሱ ይጨርሳል። ከኔ የሚፈለገው መሸከም፣ መውጣትና መማር ብቻ ነበር።

የተማርኩትም ነገር ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። ጭስ ማለት ሳይቃጠል ያመለጠ እንጨት ነው። ጥሩ ምድጃ ጭሱ ከማምለጡ በፊት ዳግም ያቃጥለዋል፤ አንዳንዱ ከላይ በሚገባ ትኩስ አየር፣ አንዳንዱ የማር እንጀራ በመሰለ ቀዳዳ በቀዳዳ ብረት። እያንዳንዱ ምድጃ ጀርባው ላይ በሰዓት ስንት ግራም ጭስ እንደሚያወጣ የሚናገር ታርጋ አለው። ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው። ጋሼ ሁሴን ግን ታርጋውን አይተው ሲያበቁ፣ «ይሄ የላቦራቶሪው ቁጥር ነው። እዚያ እንጨቱ ደረቅ ነው፣ የሚያነደውም ሰው ሥራዬ ብሎ የተቀመጠ ነው። እኛ የምንሸጠው ለሰው ቤት ነው» ይሉ ነበር።

ቤት ለማየት ስንሄድ ወዲያው አይገቡም። መንገድ ላይ ቆመው መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቹን መስኮት ያያሉ። የማን መስኮት ከማን ጭስ ማውጫ በታች እንደሆነ፣ ጠዋት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቃሉ። ከዚያ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉና ባለቤቶቹን በክረምት በሚቀመጡበት ቦታ እንዲቀመጡ ያደርጋሉ። ስፋቱን የሚለኩት ከዚያ ነው። ብዙ ሰው ሳሎኑ ሰፊ ስለሆነ ትልቅ ምድጃ ይፈልጋል፤ የሚቀመጠው ግን አንዲት ጥግ ላይ ነው። ቀጥለው «እሳቱን የሚያነደው ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ባል ሲያወራ ቆይቶ ሚስት ከኋላ «እኔ ነኝ» ስትል ወንበራቸውን ወደሷ ያዞራሉ።

የሙያው ትልቁ ነገር ግን መጠን ነው። ትንሽ ምድጃ በሙሉ እሳት ሲነድ ንጹሕ ነው፤ ከጣሪያው ላይ የሚታየው የአየር መርገብገብ ብቻ ነው። ትልቅ ምድጃ ጠባብ ቤት ውስጥ ሲገባ ሰዎቹ ይሞቃቸዋል፣ ያልባቸዋል፤ አየር ማስገቢያውን ይዘጉታል። እሳቱ ይታፈናል፤ ነበልባሉ ይጠፋና እንጨቱ እየጨሰ ያድራል። በዓለም ላይ ምርጥ የተባለው ምድጃ እንኳ ሲታፈን ጭስ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ጋሼ ሁሴን ከሁለት ምድጃ ሁልጊዜ ትንሹን ይሸጣሉ። አንዳንዴማ ምንም አይሸጡም። አንዴ ሸርማን ኦክስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ውድ ምድጃ መርጣ ስትጠብቀን ቤቷን አይተው፣ «ጋዝ አለሽ፣ አካባቢሽም ጭስ የሚከለከልበት ነው። በክልከላው ቀን ይሄ ምድጃ ላንቺ የአበባ ማስቀመጫ ነው» አሏት። ሴትዮዋ አቅፋ አመሰገነቻቸው። ባለሱቁ ደግሞ በማግስቱ፣ «ሁሴን፣ አንተ የማን ሠራተኛ ነህ?» ብሎ ጮኸባቸው። «ያንተ ነኝ። ለዚህ ነው ምድጃውን ነገ መልሳ የማታመጣብህ» አሉት።

እንዲህ ያለ ሰው ናቸው እንግዲህ ጋሼ ተፈራ ፊት ቃል ያጡት።

ጋሼ ተፈራ ታክሲ ነድተው፣ ትንሽ ግሮሰሪ ከፍተው፣ ግሮሰሪውን ሸጠው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጋሼ ሁሴን ስደተኛ ሆነው ሲመጡ የሚያውቁት ሰው አልነበረም፤ ኮሪያታውን ባለ አንድ መኝታ አፓርታማቸው ውስጥ ያስጠጓቸው ጋሼ ተፈራ ናቸው። በዚያ ቤት ክርስቲያንም እስላምም፣ የሚታወቅም የማይታወቅም ሰው ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ያድር ነበር። ጋሼ ሁሴን ሥራ እስኪይዙ እዚያው ኖሩ። ጋሼ ተፈራ ሲያረጁ ከባለቤታቸው ከእትዬ ሙሉ ጋር ከከተማው በስተሰሜን በተራራው ሥር ካንየን በሚሉት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ሰፊ ቤት ገዙ። የጋዝ መስመር አይደርስም፤ የቆየው ማሞቂያ ምድጃ ዝጎ ነበር። ብቸኛ ማሞቂያው እንጨት የሆነ እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ በክልከላ ቀንም ማንደድ ይፈቀድለታል።

ቤቱን ለማየት ስንሄድ ጋሼ ሁሴን እንደልማዳቸው መንገድ ላይ ቆሙ። ከጋሼ ተፈራ ቤት ዝቅ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አንድ ትንሽ ቤት አለ። መስኮቱ በቀጥታ ከጭስ ማውጫው በታች ነው። እዚያው ቆመን ሳለ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ በሩን ከፍተው ወጡ። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ።

«ምድጃ ልትተክሉ ነው?» አሉን። ስማቸው ዶሪስ ነው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። «ሙሉ ጓደኛዬ ናት፤ ክሊኒክ የምወስዳት እኔ ነኝ። መብረዱን አልወድላትም። ግን ሳምባዬ ጭስ አይችልም። ቢጨስ እዚህ መኖር አልችልም።»

ጋሼ ሁሴን በዚያ ዝግ ባለ እንግሊዝኛቸው «አይጨስም፣ ቃሌ ነው» አሏቸው።

በዚያች ሰዓት ያሉት እውነት ነበር። ቤቱን ለክተን ስንወጣ «ትንሿ ነች» አሉኝ። እኔም የትኛዋን እንደሆነ አውቄ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ በስተግራ የቆመች፣ ጉልበት የምታህል፣ ጭሷ ከሁሉም ያነሰ ምድጃ።

ቅዳሜ ጋሼ ተፈራና እትዬ ሙሉ ሱቅ መጡ። ጋሼ ሁሴን ትንሿን አሳዩዋቸው። ጋሼ ተፈራ በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጓት።

«ይቺ ምንድን ነች? ለሻይ ማፍያ ነው?»

«እሷ ትበቃለች ጋሼ። እሳቷ ብርቱ ነው፤ አትጨስም።»

«ለማን ነው የምትበቃው? ያንን ያህል መኝታ ቤት የገዛሁት ለኔና ለሙሉ ብቻ መሰለህ?» ትልቁ ምድጃ ፊት ሄደው ቆሙ። በሩ ሁለት ተካፋች፣ አንድ ግንድ ሙሉ የሚውጥ ነው። «የኔ ቤት ሰው አይጠፋበትም። አንተ ታውቃለህ። ኮሪያታውን እግር ማስቀመጫ ነበረን? ሰው ቤቴ መጥቶ በርዶት አያውቅም፤ አሁን በስተርጅና ሰው ላስበርድ?»

«ጋሼ፣ ትልቁ ግን...»

«ግን ምን? ሁሴን፣ ትንሽ ነገር ላንተ ሰጥቼህ አውቃለሁ?»

ጋሼ ሁሴን መለስ ብለው እኔን አዩኝ። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይናቸው «ተው» አለኝ። ተውኩ። እትዬ ሙሉ ትንሿ ምድጃ አጠገብ ቆመው በሯን ይከፍቱና ይዘጉ ነበር፤ ማንም ምንም አልጠየቃቸውም።

«ትልቁ ይሁን» አሉ ጋሼ ሁሴን።

ቫኑ ውስጥ ስንገባ አላስችል አለኝ። «ጋሼ ሁሴን፣ ያ ምድጃ ለዚያ ቤት አይሆንም።»

«አውቃለሁ።»

«ሴትዮዋን አይጨስም ብለዋቸዋል።»

«አውቃለሁ አልኩህ።» ሞተሩን አስነሱና ሳይነዱ ቆዩ። «ምን ልበላቸው? ‹ቤትዎ ሰው የለበትም፣ ልጆቹ አድገዋል፣ እኛም የምንመጣው ለበዓል ነው፣ የሚቀመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸውና ትንሿ ትበቃለች› ልበል? እኔ? በሳቸው ምንጣፍ ላይ የተኛሁት ሰው?»

ቀበቶዬን አስሬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዛሬ ግን የምጸጸተው በዚያች ዝምታ ነው። እሳቸው ውለታ አስሯቸዋል፤ እኔን ምን አሰረኝ? ታላቆቼን መሐል ገብቼ አላርምም ብዬ ነው። ጨዋ መሆኔ ነበር።

ስንተክለው ጋሼ ሁሴን ስህተቱን በሥራ ሊከፍሉት ሞከሩ። የጭስ ቱቦውን ከሚያስፈልገው በላይ አስረዘሙት፤ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጃቸው ዳሰሱ። ስስ ወረቀት ቀድደው በሩ ላይ ይዘው፣ አየሩ ወረቀቱን ወደ ውስጥ ሲስብ አሳዩኝ። ከሱቁ ያመጣነውን ደረቅ የኦክ እንጨት ቀጠን ቀጠን አድርገው ፈልጠው፣ ከላይ ወደ ታች እንዲነድ ደርድረው ለኮሱ። እኔ ግቢ ወጥቼ ጣሪያውን አየሁ። ምንም አልነበረም። ዶሪስም ከታች በረንዳቸው ላይ ቆመው ሽቅብ እያዩ ነበር። አጨበጨቡልኝ።

«አየሩን አይዝጉት» አሉ ጋሼ ሁሴን ለጋሼ ተፈራ። «ትንሽ ትንሽ እንጨት፣ ብርቱ እሳት። ከበዛብዎ ይጥፋ እንጂ አያፍኑት። እንጨቱም ዓመት የደረቀ ይሁን።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። እሳት ማንደድ ልታስተምረኝ ነው?» ብለው ሳቁባቸው።

እሳቱን የሚያነዱት ግን እሳቸው አልነበሩም። እትዬ ሙሉ ነበሩ።

ክረምቱ ገባ። እንግዳ አልመጣም። ሰው ሁሉ ሥራ አለው፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ የገና ዕለት የመጡትም ሳይመሽ ሄዱ። ያ ምድጃ በሙሉ እሳት ሲነድ ሁለቱ ሽማግሌዎች መቀመጥ አልቻሉም፤ መስኮት ከፈቱ። ማገዶ ባከነ። እትዬ ሙሉ ማገዶ ማባከን ስለማይሆንላቸው አየሩን ዘጉት። ጋሼ ተፈራ ከመንገድ ዳር የተቆረጠ ባሕር ዛፍ በርካሽ ገዝተው ነበር፤ እርጥብ ነው። እሳቱ ታፍኖ፣ ጭሱ ከብዶ፣ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ዶሪስ መስኮት ላይ ይተኛ ጀመር።

ዶሪስ ሱቅ ደወሉ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ለሙሉ እንዳትነግሯት» አሉኝ። «ታዝንብኛለች። እናንተ መጥታችሁ አስተካክሉት ብቻ።»

ሄድን። ጋሼ ሁሴን ምድጃውን ከፍተው አዩት፤ የበሩ መስታወት ሬንጅ የተቀባ መስሏል። አየሩን ከፈቱ፣ ደረቅ እንጨት ሰጡ፣ ጋሼ ተፈራን እንደገና አስተማሩ። ምድጃው ይቀየር አላሉም። በመንገድ ላይ «አሁን ይገባቸዋል» አሉኝ። ዶሪስ በወሩ እንደገና ደወሉ፤ በመሐል በመሐል ያስላሉ። እንደገና ሄድን፤ ያንኑ አደረግን፤ ሻይ ጠጥተን ተመለስን። በዚያን ሰሞን የከተማው አየር ከፍቶ ማንደድ የተከለከለባቸው ቀናት ነበሩ። ለጋሼ ተፈራ ቤት ግን የተፈቀደ ነው። ካንየኑ ውስጥ ሌላው ቤት ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ከሳቸው ጣሪያ ብቻ ያ ግራጫ ነገር ይወርድ ነበር።

አንድ ጠዋት እትዬ ሙሉ ራሳቸው ደወሉ። ዶሪስን አምቡላንስ ወስዷቸዋል።

ስንደርስ ጋሼ ተፈራ እንግዳ ሲቀበሉ እንደልማዳቸው በር ላይ አልቆሙም። ከምድጃው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እሳቱን አጥፍተውታል። እትዬ ሙሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥግ ይዘዋል። ቤቱ በረዶ ነበር።

«የዶሪስ ልጅ መጥታ ነበር» አሉ ጋሼ ተፈራ። «ጭሱ ነው አለችኝ። እናቴ ለሱቁ ነግራለች አለችኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አሉ ጋሼ ሁሴን፤ ጫማቸውን አውልቀው እዚያው እንደቆሙ ናቸው።

«ምድጃው ነው?»

«ምድጃው ለዚህ ቤት ትልቅ ነው።»

«መቼ አወቅህ?»

ጋሼ ሁሴን «ሱቅ የመጡ ዕለት» አሉ።

ጋሼ ተፈራ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «አየህ፣» አሉ፣ «ያን ሁሉ ሰው ሳስጠጋ አንድ ቀን አንዱ እንዲህ ደፍሮ እውነቱን ይነግረኛል ብዬ ነበር። ለካ ሁላችሁም እንግዶቼ ነበራችሁ። ወንድም ከመሐላችሁ አልነበረም።»

ጋሼ ሁሴን ጎንበስ ብለው ያወለቁትን ጫማ አቃኑ።

«እኔስ?» አሉ እትዬ ሙሉ ከጥጋቸው። ድምፃቸው አልተሰማም ነበርና ደገሙት። «እኔንስ ማን ጠየቀኝ? እኔ ትንሿን ነበር የወደድኳት። በሯ ለእጄ ይቀላል። ‹ወንዶቹ ያውቃሉ› ብዬ ዝም አልኩ። ያፈንኩት እኔ ነኝ፤ ያፈንኩት መሆኑንም የነገረኝ የለም። ለሱ ነው ስታስተምሩ የነበረው።»

እውነታቸውን ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገርነው ነገር ሁሉ ትርፍ ነው። ጋሼ ተፈራ «ቀይሩት» ብቻ አሉን።

ትልቁን ነቅለን ስናወጣ ወገቤ ተቀጨ፤ በኋላ ሥራውን ያስተወኝ ያ ሕመም ነው። ትንሿን ተከልን። ጋሼ ሁሴን ይህን ጊዜ ወንበራቸውን ወደ እትዬ ሙሉ አዙረው፣ ጉልበታቸው ላይ እንጨት ይዘው፣ ሁለት ፍልጥ አጋጭተው የደረቅና የእርጥብ ድምፅ አሰሟቸው። እትዬ ሙሉ አንዴ አይተው ያዙት። እጃቸው ቀድሞም እሳት ያውቃል፤ የጎደላቸው የሚነግራቸው ሰው ነበር። ወጥቼ ጣሪያውን አየሁ፤ ጠራ ያለ ሰማይ ብቻ ነበር። ታች በረንዳው ላይ የቆመ ሰው አልነበረም።

ጋሼ ሁሴን ለዶሪስ ልጅ እንድደውልላቸው ለመኑኝ። ደወልኩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መሐላችን አስቀመጥኩት። ምድጃው መቀየሩን፣ አሁን እንደማይጨስ፣ እኔ ራሴ በየሳምንቱ እየሄድኩ እንደማየው ነገርኳት።

«እናንተ ደጎች ናችሁ» አለች። ስድብ ቢሆን ይቀለን ነበር። «ግን ዶክተሩ ከእንጨት ጭስ አጠገብ አትኖርም ብሏል፤ ንጹሕም ቢሆን። አሁን ቶራንስ ከተማ እኔ ጋ ናት። ቤቱን ልንሸጠው ነው።»

ጋሼ ሁሴን ስልኩ ከተዘጋ በኋላም እያዩት ቆዩ። «እኔ እኮ ቃሌ ነው ብያቸዋለሁ» አሉ። ከዚያ ወር በኋላ ሥራ አልቆዩም።

እትዬ ሙሉን አንድ ጊዜ ቶራንስ ወስጄያቸዋለሁ። ዶሪስ ከስተዋል፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እንግሊዝኛ የማይበቃቸው ቦታ ላይ እየሳቁ ተቀመጡ። ዶሪስ ስለ ምድጃው አልጠየቁም። ስንወጣ እትዬ ሙሉን ማን ክሊኒክ እየወሰዳቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። «እኔ» አልኩ። እውነት አልነበረም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እውነት አደረግኩት።

የዶሪስ ዕቃ በተጫነ ዕለት ጋሼ ተፈራ በከዘራ ቁልቁለቱን ወርደው፣ ተው ብንላቸውም፣ ቀለል ያሉትን ካርቶኖች አንድ በአንድ ወደ መኪናው ተሸከሙ። ጋሼ ሁሴንም መጥተው ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሠሩ፤ ያንን ሶፋ በዚህ በኩል፣ ይሄን መብራት ቀስ አድርገህ፣ ከመባባል በቀር አልተነጋገሩም። መኪናው ሲሄድ እትዬ ሙሉ በባዶው ቤት ውስጥ ገብተው መስኮቱን ከውስጥ ወለወሉት። መስታወቱ ላይ የነበረው የዚያ ክረምት ጭስ ጥላሸት ነበር። የዶሪስ ልጅ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ለአዲሶቹ ባለቤቶች ያስረከበችው ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን ነው።